ዳር አልቀባም ያልኩት ረግረግ

ይድረስ ለልጄ ለሮዊና፤

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ራሴ አስራለሁ፤ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፤ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ድንቹን ራሴ ልጬ፣ ራሴ ቀቅዬ፣ ራሴ እበላለሁ። መነጽር የማደርገው ለጋዜጣና ለቀጭን ብሩሽ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ «አባቴ እንዴት ይሆን» ብለሽ ለብሬንዳ ከመደወልሽ በፊት ከኔ ከራሴ እንድትሰሚው ነው።

አንቺስ እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ግራንት እንደምን አለ፤ አሁንም ከበጎቹ ጋር ነው የሚያድረው? ቲሊ እንዴት ናት? ትንሹ ኦወንስ ጥርሱ በቀለ? እናንተ ዘንድ አበባው ፈክቷል አሉ፤ እዚህ ግን የትሬንት ወንዝ ሞልቶ ጭጋጉ ከመስኮቴ አልነሳ ብሏል። እኔ ደህና ነኝ። ጤና አልጎደለኝም፤ የተቀየምኳቸው ሰዎች ግን አሉ፤ አንዷም አንቺ ነሽ።

ደብዳቤ መጻፍ የእናትሽ ሥራ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ፊደሌም ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። ግን በስልክ ልቆጣሽ ስጀምር «መስመሩ ተቆራረጠ አባዬ» ትያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ የተነሳው ከረግረጉ ነው። አጎትሽ ሲረልና እኔ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምንጫወተውን ታውቂዋለሽ። ከአውራ ጣት የማይረዝሙ የእርሳስ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ አሰልፈን፣ ርምጃቸውን በሜትር እየለካን፣ ባለ ነጥቧን ጠጠር እየጣልን ስንዋጋ ሠላሳ ዓመት አለፈን። በድሮው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት እሱ ሁልጊዜ የንጉሡ ወገን ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የፓርላማው። እናትሽ በሕይወት ሳለች «ወንድሜና ባሌ በሳምንት አንድ ቀን ካልተገዳደሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም» ትል ነበር። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ደግሞ ክበቦች ሁሉ ከየከተማው መጥተው በትልቁ አዳራሽ ሰሌዳቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። የኛ ክበብ ዘንድሮ የንጉሡ ጦር በረግረግ ውስጥ ሲያፈገፍግ ይታይ ተባለ። ረግረጉን ማን ይሥራ፣ ማን ይቅባ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። አርባ ዓመት የሰው ቤትና የሰው ጀልባ ሲቀባ የኖረ ሰው እያለ ማን ሊቀባ ነው?

ኮምፔንሳቶ ላይ ነጩን ፎም በኮላ ለጥፌ፣ ኩሬውን በቢላ ፈልፍዬ፣ በስቱኮ አለስልሼ፣ አሸዋ በተንኩበት። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ከዚያ ናይጀል መጣ። ናይጀል የክበቡ ደንብ ጠባቂ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያዝዘው ሰው ስላጣ ማስመሪያ በኪሱ ይዞ ይዞራል። «ጋሼ ሆራስ፣ በብሩሽ ከሚለፉ በዚህ ይንፉት፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል» ብሎ የሚነፋ ቀለም ሰጠኝ። እኔ በዕድሜዬ በብሩሽ እንጂ በቆርቆሮ ቀብቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነፋሁት። ልጄ፣ ፎሙ ጸሐይ እንዳገኘው በረዶ ይቀልጥ ጀመር! እነፋለሁ፣ ይበላል፤ እነፋለሁ፣ ይበላል። ናይጀልን ጠርቼ ባሳየው «ውይ፣ ይሄ ቀለም ፎም እንደሚበላ አልነገርኩዎትም እንዴ?» አይለኝም! «የነገርከኝ በአምስት ደቂቃ እንደሚያልቅ ነው፤ እውነትህን ነው፣ አለቀ!» አልኩት። ግን እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ አልጣልኩትም። የተበላው ጉድጓድ ሁሉ ኩሬ ሆነ። እኔ በቢላ ከፈለፈልኩት ይልቅ እሱ እውነተኛ ይመስል ነበር፤ ለናይጀል ግን ይህን አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ በብሩሼ ነው የሠራሁት። ከታች ጥቁር ቡናማ፣ በላዩ የዛገ ብረት የሚመስል፣ በላዩ ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ገረፍ ገረፍ እያደረግሁ የገረጣ አረንጓዴ። ከአሮጌ መጥረጊያ ጭራ ቆርጬ ደንገል ተከልኩ። ሰጋቱራ ቀለም አጠጥቼ ሣር አደረግሁ። ሲያልቅ ራሴ ፊቱ ቆሜ እግሬ የረጠበ መሰለኝ። የቱ ጋ መሬት እንደሚያልቅ፣ የቱ ጋ ማጥ እንደሚጀምር የሚለይ ዓይን አልነበረም።

ቁጣው የመጣው በዚሁ ነው። ናይጀል ማስመሪያውን ይዞ ዙሪያውን ዞረና «ረግረጉ ከየት ነው የሚጀምረው?» አለኝ። «ስትገባበት ታውቀዋለህ» አልኩት። በደንቡ ረግረግ የገባ ጦር ግማሽ ርምጃ ብቻ ነው የሚሄድ፤ ስለዚህ ዳሩ መታወቅ አለበት፣ ዙሪያውን ቢጫ መስመር ይቀባ አለ። «የሠርግ ኬክ ነው እንዴ?» አልኩት። የአባቴን ፈረስ የዋጠው ረግረግ ዙሪያው ቢጫ አልተቀባም ነበር። አባቴ ደንገል ሲያጭድበት በኖረው ምድር ላይ አድጌ፣ ረግረግ ዳር እንዳለው ከናይጀል ልማር ነው? እሱ ተወው ስል ደግሞ የክበቡ ጸሐፊ፣ ሳንድዊች አቅራቢያችን ብሬንዳ ተነሳች። «መስመሩ ይቅር ጋሼ ሆራስ፤ ግን ዳር ዳሩን ወፍራም ገመድ ነገር ይለጥፉበት፣ እጅ እንዲይዘው» አለች። «ረግረግ ነው ወይስ የሕፃን አልጋ?» አልኳት። በየሳምንቱ ገመድ፣ ገመድ፣ ገመድ! በመጨረሻ «አንቺ ነገር አማሳይ፣ ሳንድዊችሽን ቁረጪ» ብያት ፊቷ ቀላ።

ትርኢቱ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሰሌዳውን እንሞክረው ብለን እኔና ሲረል ጦራችንን አሰለፍን። ሲረል የንጉሡን እግረኞች መሃል ማጡ ላይ አስገብቶ እንደ ደረቅ መሬት ሙሉ ርምጃ አስኬዳቸው። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ በዓይኑ ጠርዝ ነበር ሰሌዳውን የሚያየው፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንደሚያደርገው። ከበጋው ጀምሮ እንዲህ ሲያይ አስተውዬ ተንኮል ነው ብዬ ይዤበት ነበር። «ማጥ ውስጥ ነህ» አልኩት። «ደረቅ ነው» አለኝ። «ደንገሉን አታይም?» ብለው «አያለሁ፤ አንተ ነህ የማታይ» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ስትሸነፍ ኖረህ በስተርጅና ልታጭበረብር ነው? አጭበርባሪ!» አልኩት፤ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ።

በኛ ጨዋታ ሰውን ፈሪ ማለት ይቻላል፣ ደደብ ማለት ይቻላል፣ እናትሽም ታውቀው እንደነበረ እኛ ከዚያም የባሰ ተባብለናል። አጭበርባሪ ግን አይባልም። ያ ቃል ከወጣ ከሁለቱ አንዱ ከክበቡ ይወጣል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ነው ነገሩ። ሲረል ወታደሮቹን አንድ በአንድ፣ በዳበሳ፣ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ከመስቀያው ላይ ኮት አንስቶ ወጣ።

የወሰደው የኔን ኮት ነው! የቤቴ ቁልፍ በኪሱ ውስጥ፣ ዝናቡ ደግሞ በርሜል እንደተገለበጠ። መስቀያው ስር ቆሜ ጮህኩ። ሆን ብሎ ነው፣ ብስብስ ብዬ ደጅ እንዳድር ነው፣ ከአጭበርባሪነቱ ሌብነቱ አልኩ። ብሬንዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ጋሼ ሆራስ፣ ሆን ብሎ አይደለም። አላየውም» አለችኝ። «እንዴት አላየውም? የኔ ሰማያዊ፣ የሱ ቡናማ!» ብላት፣ ቀስ ብላ «አላየውም አልኩዎት እኮ» አለችኝ።

ከጥር ጀምሮ የዓይኑ መሃል እየጠፋ እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ቀጥ ብሎ ያየውን አያይም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያየው፤ ለዚህ ነው ራሱን የሚያዘነብለው። «ማን ማን ያውቃል?» አልኳት። «ሁላችንም።» «ናይጀልም?» «እሱም።» «ታዲያ ዳር፣ ዳር፣ ገመድ፣ ገመድ ስትሉ የከረማችሁት ለዚህ ነው እንዴ?» «ለምን መሰለዎት ታዲያ?» አለችኝ። «ሮዊናስ?» ስላት የሲረልን ኮት አዝራር መቁጠር ጀመረች።

እንግዲህ ልጄ! አንቺ ከምድር ማዶ ሆነሽ የምታውቂውን እኔ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ አላውቅም። እሑድ እሑድ ስደውልልሽ፣ ወይ ስትደውይልኝ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ በጉ፣ ስለ ኦወን ጥርስ ስትነግሪኝ አንድ ቃል አልወጣሽም። ምክንያቱንም ሰምቻለሁ። «ሆራስ ካወቀ ይራራልኛል፤ የራራልኝ ቀን ሐሙስ አልመጣም» ብሎ አስምሏችኋል አሉ። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። እኔ መቼ ነው በጦርነት ለሰው ስራራ ያየኝ? አሥራ ስድስት ዓመት የሞላሽ ዕለት እንኳ አንድ ፈረሰኛ አልተውኩልሽም፤ አልቅሰሽ ተኝተሻል።

ግን አሰብኩበት። በብሬንዳ መኪና ከሰሌዳው ጋር ተጭኜ፣ ከጎረቤት መለዋወጫ ቁልፍ ተቀብዬ ቤት ገባሁና የሲረልን ኮት ወንበር ላይ አኖርኩት። ሲረል ከቀረ ሐሙስ የለም ማለት ነው፤ የኔ ሳምንት ስድስት ቀን ሆኖ ይቀራል። እናትሽን በልጅነት ስሟ «ዶሊ» ብሎ የሚጠራ ሰው ደግሞ በዚህ ምድር ከሱ በቀር የለኝም። ይቅርታ ብለው «ማን ነገረህ» ይለኛል፤ ዝም ብለው አይመጣም። ብሬንዳ ደውላ «አሁንስ ገመዱን እንለጥፍ?» አለችኝ። «እጁ ገመዱን ሲነካው ለምን እንደተለጠፈ የማይገባው ይመስልሻል? የጠፋው የዓይኑ መሃል ነው እንጂ የጭንቅላቱ አይደለም» አልኳት። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ረግረግ ዳር የለውም! ለዓይነ ስውርም፣ ለንጉሥም፣ ለናይጀልም ብዬ ዳር አልሠራለትም።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳበስኩት። ሁሉም አንድ ነበር። አሸዋውን መሬቱም ላይ፣ ማጡም ላይ፣ ኩሬውም ላይ እኩል በትኜዋለሁ። ለዓይን ደክሜ ለጣት ምንም አልሠራሁም። ልቤ ፈረሰ፤ ከዚያ ሰሌዳውን ማፍረስ ጀመርኩ። የማጡንና የኩሬውን አሸዋ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አነሳሁ። ደረቁ መሬት ላይ ሻካራ አሸዋና ሰጋቱራ ጨመርኩ፤ ማጡ ላይ ስቱኮ ብቻ፣ እንደ ቆዳ እስኪለሰልስ፤ ጥልቁ ውሃ ላይ ቫርኒሽ በቫርኒሽ ላይ፣ እንደ ሳህን እስኪያንሸራትት። ከዚያ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ቡናማና ያንኑ የገረጣ አረንጓዴ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሜ ቀባሁት። ዓይን እንደ ፊቱ ምንም አይለይም። ጣት ግን ሁሉንም ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ቫርኒሹ ዝም ብዬ ባልፍ ይሻለኝ ነበር። በዚህ እርጥበት አልደርቅ አለ! ጠዋት ስነካው ይጣበቃል፣ ማታ ስነካው ይጣበቃል። የእናትሽን የፀጉር ማድረቂያ ከመሳቢያ አውጥቼ ቁጭ ብዬ ነፋሁበት፤ ክንዴ እስኪዝል። የመንገዱ ማዶ ሰዎች በመስኮት አይተው ሽማግሌው ጠረጴዛ ፀጉር ሊያበጥር ነው ሳይሉ አልቀሩም። ይበሉ።

ሲደርቅልኝ ኮቱን ይዤ ወደ ሲረል ሄድኩ። በሩን ሲከፍት «ኮቴን መልስ፣ ሌባ» አልኩት። «ሌባስ አንተ፤ የኔ ኮት ያንተን ሽታ ይዞ መጣ» አለኝ። አልገባም አልኩ፤ ግባ አላለኝም። «እሑድ ትርኢቱ ላይ መጥተህ ትሸነፋለህ ወይስ እንደ ንጉሥህ ትሸሻለህ?» አልኩት። «ከአጭበርባሪ ጋር የሚጫወት ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ፤ ይህን ሲል ፊቱን ወደ በሩ መቃን አዙሮ ነበር። ያን ጊዜ ዋሸሁ። ናይጀል በመስመሩ አሳብዶኛል፣ እኔም መስመር ላልቀባ ምያለሁ፣ ስለዚህ በዚህ ሰሌዳ ዳኛው ጣት ነው፣ ዓይን አይደለም፤ ሻካራ ከሆነ መሬት፣ ከለሰለሰ ማጥ፣ ካንሸራተተ ውሃ፤ ይህን ያወጣሁት ናይጀልን ላበሳጭ ነው አልኩት። «ማን ነገረህ?» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። «ናይጀልን ለማበሳጨት ብቻ?» «ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» ስለው ኮቴን ወረወረልኝ። «ስንት ሰዓት ነው እሑድ?» አለ።

እሑድ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ በየሰሌዳው «አይንኩ» የሚል ተሰቅሏል፤ የሰው ሰሌዳ መንካት በኛ ዘንድ የሰው ሚስት እንደመንካት ነው። የኔ ሰሌዳ ላይ ብሬንዳ በትልቁ ጽፋ «ይንኩ» ብላ ለጠፈች። ሰው መጀመሪያ ፈራ። ቆይቶ አንዲት ሴት ጣቷን ሰደደች፤ «ኧረ ማጥ ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያማ ሰልፍ ሆነ። ጢማሙም፣ ባለ ማዕረጉም፣ ዳኛውም ጎንበስ ብሎ ይዳብሳል። ናይጀል ማስመሪያውን ኪሱ ከትቶ «ደንቡ እኮ በጣት ይለካ አይልም» ብሎ ሲያጉረመርም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ግን ሰው ያላየው መስሎት ዳብሶታል።

ሲረል የንጉሡን ጦር በዚያ ረግረግ ውስጥ እንደ ገዛ ጓሮው አሳለፈው። ጣቱን ቀድሞ ይሰድዳል፣ ወታደሩን አስከትሎ። አንድ ሰው አልሰጠመበትም። እኔስ? እኔ የሠራሁትን ሰሌዳ በሰው ፊት ልዳብስ? የቱ ደረቅ እንደሆነ አውቀዋለሁ ብዬ ፈረሰኞቼን በሙሉ በግራ በኩል ላክኋቸው። ሲረል ጣቱን ከእግራቸው ስር አኖረና እንደ ናይጀል አንቱ እያለ «ውሃ ነው ጋሼ ሆራስ፤ ዋና ይችላሉ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳበስኩት፤ አንሸራተተኝ። የገዛ ቫርኒሼ! ፈረሰኛ አልቀረኝም። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ሽንፈት አላየሁም፤ የራራሁለት የሚመስልሽ ከሆነ የሰመጡትን ፈረሶች ጠይቂያቸው።

ሰው ሲቀንስ ወታደሮቻችንን ስንሰበስብ ሲረል እጁን ኩሬው ላይ እንዳኖረ ቆየ። «ምን ዓይነት ነው ቀለሙ?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በሠላሳ ዓመት ሲረል ከኔ የጠየቀው የመጀመሪያ ውለታ ነው። እኔም አላስጨነቅሁትም። ውሃው ሰው የረሳው ሻይ እንደሚመስል፣ ማጡ የዛገ የጀልባ ሆድ እንደሚመስል፣ ሣሩ ከክረምት የተረፈ ገርጣ ያለ እንደሆነ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። «ዳርስ?» አለ። «ዳር የለውም» አልኩት። «ደግ አድርገሃል» አለኝ፤ የእናትሽን ልጅነት፣ ከአባታቸው ጋር በጀልባ ደንገል ውስጥ ሲጠፉ፣ እስክንወጣ ድረስ አወራልኝ። ማወቄን ያውቃል ማለት ነው። ሐሙስ ይመጣል።

አሁን ደግሞ አንቺ ለብሬንዳ ደውለሽ ነገሩን ልታስተካክይልኝ እንደምትነሺ አውቃለሁ። ተይው። የተበደርኩትን ራሴ እከፍላለሁ። የብሬንዳ የማድ ቤት በር ቀለሙ ተልጧል፤ ነገር አማሳይ ላልኳት እሱን በዚህ ሳምንት እቀባላታለሁ፣ ቀለሙንም ራሷ ትመርጣለች። ናይጀልን አንድ ቀን ስላናደደኝ ቀለም አመሰግነዋለሁ፤ ኩሬዬ በሱ ነው የተሠራው፤ መቼ እንደሆነ ግን እኔ ነኝ የምወስን። ጎረቤቴን ለቁልፉ ከጓሮዬ ቀይ ሽንኩርት እሰጠዋለሁ። አንቺ የዘጠኝ ወር ዝምታ አለብሽ፤ ያ የኔ ዕዳ ሳይሆን ያንቺ ነው፤ ስትመጪ እንተሳሰባለን። የሲረል ግን ከሁሉ ይከብዳል። አጭበርባሪ ያልኩት በሰው ፊት ነው፤ የማነሳውም በሰው ፊት ነው። ሐሙስ ጦር ሳንደረድር ተነስቼ ቃሉን በዚያው አፌ እመልሰዋለሁ። ማንም እንዳይረዳኝ።

ግራንትን በጎቹን ትቶ ቤቱ ይደር በይልኝ። ቲሊን አያትሽ ጉንጭሽን ይስማል በያት፤ ለሷ አንዲት ባንዲራ ያዥ ቀብቼ አስቀምጫለሁ። ኦወን ጥርሱ በበቀለ ጊዜ ማንን እንደነከሰ ጻፊልኝ። የግራንትን እናት ጉልበትዎን ይማርልዎ በያቸው፤ ለውሻችሁም ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ምስጢር የማይደብቀኝ እሱ ብቻ ነው። አንቺን ምንም ብቀየምሽ በልቤ እንዳለሽ ነሽ።

አባትሽ ሆራስ

ኒውአርክ፣ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.